ክፉ ቀን፦ እውነትና ንጋት እያደር ሲጠራ

በሀገራችን “ክፉ ቀን” ሲባል ብዙዎች ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን አንድ የመከራ ዘመን ያስታውሳሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ይህ ዘመን ከብት ያለቀበት፣ ማሳ ጦሙን ያደረበት፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ነበር። የኾነው ኾኗል፤ አይለወጥም። በዘመን ሂደት የተለወጠው ስለ ድርጊቱ ያለን ግንዛቤ ነው።

የዘመኑ ሰዎች መከራውን የፈጣሪ ቁጣ አድርገው ተቀብለውት ነበር። በረት ሙሉ ከብት በአጭር ጊዜ ሲያልቅ፣ ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣና ተምች ሲከተል ያየ ገበሬ ነገሩን የሚፈታበት ሌላ ዕውቀት አልነበረውም። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በዐይን በማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ እንደሚመጣ የተረጋገጠው መከራው ካለፈ ዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

እየቆየ ሰነዶች ተሰባሰቡ። ዜና መዋዕሎች፣ የተጓዦችና የሚሲዮናውያን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን ተነበቡ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1950ዎቹ ስለዚህ ረኀብ ሰፊ ጥናት አቅርበዋል። በሽታው ለኢጣሊያ ጦር ተብለው በምጽዋ በኩል ከሕንድ ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ይታመናል። በኢትዮጵያም አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ተዛምቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። በየመንደሩ የአካባቢው ኀጢአት ውጤት ተደርጎ የታየው መቅሰፍት አህጉር ያዳረሰ ወረርሽኝ እንደነበር የታወቀው እንዲህ ነው።

የከብት በሽታ እንዴት የሰው ረኀብ ኾነ? መልሱ ለአራሽ ግልጽ ነው። በሬ ሲሞት ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል፤ ስለዚህ ዝናቡ ቢመለስም የሚታረስ መሬት አልነበረም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው የተራበውን ማብላታቸው፣ ዶማ ይዘውም በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው በታሪክ ይነገራል። ቀድሞ ይህ የንጉሥ ርኅራኄ ምሳሌ ኾኖ ብቻ ይተረክ ነበር። ዛሬ ግን የበሬ እርሻ ምን ያህል እንደተቋረጠ የሚያሳይ ማስረጃም ኾኖ ይነበባል።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ኢጣሊያ በዚያው ዓመት ክረምት አሥመራን ያዘች። ይህ ድርጊት ለረጅም ጊዜ በጦርነትና በውል ብቻ ይብራራ ነበር። አሁን ግን ስንቅና ከብት ያጣ ሕዝብና ሠራዊት ለመከላከል መዳከሙም ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ የጊዜ ርቀት ብቻውን እውነትን አያጠራም። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ቃል ዛሬም ይደጋገማል፤ በወቅቱ ግን የሕዝብ ቆጠራ ስላልነበረ እንደ ግምት እንጂ እንደ ቁርጥ ቁጥር ሊወሰድ አይገባም። አረጋውያን ሲያልፉና ብራናና ወረቀት ሲበላሹ ደግሞ ጊዜ የሚያጠራው ሳይኾን የሚያደበዝዘው ይበዛል።

የከብት ደስታ በሽታ በክትባትና በቁጥጥር ብርታት በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ይህን የሚያውቅ ትውልድ የክፉ ቀንን ታሪክ ቀደምቶቹ ባላነበቡበት መንገድ ያነብበዋል፦ መከራው ሊከላከሉት የሚቻል ነበር፤ ዕውቀቱና ዝግጅቱ ግን ገና አልነበረም።

ዛሬም የታመመ ከብትን ፈጥኖ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ፣ ማስከተብ፣ እህልና ዘር ማስቀመጥ ከዚያ ዘመን የሚወረስ ትምህርት ነው። የአረጋውያንን ትዝታም ቦታውንና ዘመኑን ጠቅሶ በጽሑፍ ማኖር ይገባል። እውነትና ንጋት እያደር የሚጠራው የሚመሰክርለት ሲያገኝ ነውና።