ጭራቁን ቆርሰን በላነው

«እማዬ፣ ለልደቴ የጭራቅ ኬክ ሥሪልኝ» አለኝ ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ግራ ገባኝ። ይህ ልጅ እኮ ጭራቅ ፈርቶ ማታ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም! ጭራቁን ቤታችን ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነኝ። «ራትህን ካልጨረስክ እጠራዋለሁ» እያልኩ፤ እኔም እንዲሁ እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ወረቀትና ከለር ሰጠሁትና «እስቲ ምን እንደሚመስል ሣልልኝ» አልኩት። አረንጓዴ ፀጉር፣ ሁለት ቀንድ፣ ሦስት ዓይን። ሥዕሉን ፍሪጅ ላይ ለጥፈን ሥራ ጀመርን።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ከውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ላይ እንዳለ የወሰድኩት ኬክ ኦቨን ውስጥ ኩፍ ብሎ ተነሣና መሐሉ ሰመጠ። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ኬኩ በስሎ ሳይጠነክር ቶሎ ይነፋና ይወድቃል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ ያህል፣ ስኳሩን በትንሹ መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመርና የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማድረግ ነው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ለስላሳ ስፖንጅ ኬክ ሲቀረጽ ይፈረፈራል። ለቅርጽ የሚሆነው ጠንከር ያለ የቅቤ ኬክ ነው። ለአንድ ዙር 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 220 ግራም ስኳር፣ 5 እንቁላል፣ 270 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ያስፈልጋል።

ሁለት ዙር ያዘጋጁ። አንዱን ለሁለት ከፍለው በ20 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያዎች፣ ሌላውን ቅቤ በተቀባ የብረት ጎድጓዳ ሳህን በ185 ዲግሪ ይጋግሩ። ክቦቹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ። ሳህኑ ጥልቅ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ላዩ ቶሎ ከጠቆረ በፎይል ይሸፍኑት። ስቴኪኒ ሰክተው ሲያወጡት ንጹሕ ከሆነ በስሏል። ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ትኩስ ኬክ አይቀረጽም።

በማግስቱ 350 ግራም የገበታ ቅቤና 700 ግራም የስኳር ዱቄት አብረው ይምቱ። ክቦቹን በክሬም አጣብቀው ይደርድሩ፤ የሳህኑን ኬክ ገልብጠው ከላይ ያስቀምጡ። በዳቦ ቢላ ጠርዙን ቀስ እያሉ ይጥረቡ። ፍርፋሪውን እንዳይጥሉ! ከጥቂት ክሬም ጋር ሲታሽ እንደ ጭቃ ስለሚሆን አፍንጫና እግር ይሠሩበታል። ከዚያ መላውን በስስ ክሬም ቀብተው 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩ፤ ፍርፋሪው በዚህ ይያዛል። ቀሪውን ክሬም በአረንጓዴ የምግብ ቀለም ቀልመው ወፈር አድርገው ይለብጡና በሹካ ጫር ጫር ያድርጉት። ፀጉር ይሆናል።

ቀንዶቹ የአይስክሬም ኮን፣ ዓይኖቹ ክብ ብስኩት፣ ጥርሶቹ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ዋፈር ናቸው። ይህን ሥራ ለልጁ ይተዉለት። የእኔው አንዱን ዓይን አገጩ ላይ ሰካው። ላስተካክል እጄን ስዘረጋ «እማዬ፣ ተይው! የእኔ ጭራቅ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተውኩት።

ጭራቃችን ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ከኬክ ቤት ኬክ ጋር የማይወዳደር ነበር። በልደቱ ቀን ግን ልጆቹ ከበው ጮኹለት። ልጄ መጀመሪያ ቀንዱን ገንጥሎ በላ፤ ቀጥሎ የአገጩን ዓይን።

ያን ቀን ማታ የኮሪደሩን መብራት አብርቶ ብቻውን ሽንት ቤት ሄደ። ተከትዬው ወጣሁና «አልፈራህም?» አልኩት። «በላነው እኮ!» አለኝ።

አሁን ችግሩ የእኔ ነው። ራት አልበላም ሲለኝ የምጠራው ጭራቅ የለኝም።