ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ባሕር



በአቡ ዳቢ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 ለትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ጀምሯል። ተማሪዎች የሚባክነውን ውኃና ቆሻሻ ይለካሉ፤ ተፈጥሮን ለማየትም ይወጣሉ። ማታ ግን ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ ማድ ቤት፣ ወደ እኛ ነው።

ብዙዎቻችን ደገኞች ነን፤ ለእኛ ጣናም ባሕር ነው። ባሕር ዳር እንኳ ስሟን ያገኘችው ከሐይቅ ዳር ሆና ነው። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቀን «ማዳምን ጠይቃት» እንላለን። ከትምህርት ቤት መልስ ግን አብራው የምትውለው ማን ናት?

ስለ ባሕር ላም እንንገረው። አረቦቹ «በቀር አል በሕር» ይሏታል። ዓሣ አይደለችም፤ አየር ለመሳብ ከውኃ ብቅ ትላለች፣ የባሕር ሣር ትግጣለች፣ ልጇንም ታጠባለች። በአቡ ዳቢ ባሕር 3,000 ያህል ይገኛሉ፤ ከአውስትራሊያ ቀጥሎ በብዛት ያሉት በዚህ ባሕረ ሰላጤ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህልም ከጎኗ አትለየውም። (ይህን ስናነብ የአንዳንዶቻችን ልብ ወደ አገር ቤት መሄዱ አይቀርም።)

በዕረፍት ቀን ጁበይል ደሴት የሄዳችሁ የማንግሮቩን ዛፍ አይታችኋል። ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡት ሥሮቹ አየር ይስቡለታል። የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያልበዋል፤ ቅጠሉን ዳስሳችሁ ጣታችሁን ብትቀምሱ ጨው ጨው ይላል። ትንንሽ ዓሦችም ከሥሩ ተደብቀው ያድጋሉ።

ፌስታልም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። ኤሊ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፌስታል ጄሊፊሽ መስሏት ትውጠዋለች። አቡ ዳቢ ከጁን 2022 ጀምሮ አንዴ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል በሱቆች ከልክላለች።

በአል ዓይን ያላችሁ እኅቶች «እኛ ከአሸዋ መካከል ነን፣ ባሕር ከየት?» ትሉ ይሆናል። ባሕሩ ከደጃችሁ ነበረ። የጀበል ሐፊት ድንጋይ የጥንት ባሕር ወለል ነው፤ ሊቃውንት ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪቶችን አግኝተውበታል።

የአገራችን አፋርም እንዲሁ ነው። ቀይ ባሕር ወደ ዳሎል ቆላ ገብቶ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ብቻ ቀረ። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚያ የተቆረጠ ነው። አሞሌ ከባሕር መሆኑን ለልጁ ንገሩት፤ በማግሥቱ ለመምህሩ ማውራቱ አይቀርም። በስልክ ለራሳችሁም ልጆች ንገሯቸው።