ባሕር የተሻገረ ዲግሪ በማን ሚዛን ይመዘናል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ሶፊያ ኮራዲ የተባለች ኢጣልያዊት የሕግ ተማሪ በኒውዮርክ ከሚገኘው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ሮማ ተመለሰች። በሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችውን ትምህርት ለመፈጸም ጥቂት ፈተናዎች ቀርተዋት ስለ ነበር፣ በአሜሪካ የተማረችው እንዲታሰብላት ወረቀቷን አቀረበች። ጽሕፈት ቤቱ ግን ሊያስብላት ይቅርና በሰው ፊት አሳፍሮ መለሳት።

ወይዘሪት ሶፊያም ቁጭቷን በልቧ ይዛ፣ ኋላ የኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች ማኅበር አማካሪ በሆነች ጊዜ ያንኑ ነገር ሳትሰለች ትወተውት ጀመር። በ1987 ኤራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ሲቋቋም ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ተላኩ፤ ዛሬ የተላኩት በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ስሙ የተወሰደው በፓሪስ ተምሮ በካምብሪጅ ካስተማረው ከሮተርዳሙ ሊቅ ነው። (የእኛም የቆሎ ተማሪ ከዋሸራ ቅኔ ተቀኝቶ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሲሻገር፣ መምህሩ አፉን ሰምቶ ይመዝነው ነበር እንጂ ማኅተም አይጠይቀውም።)

አንባቢያችን ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ግን የገንዘቡን ብዛት አይደለም። ተማሪው ከመነሣቱ በፊት የሚማረውን ዝርዝር እርሱ፣ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርሙበታል፤ ከ1989 ጀምሮም የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት በ60 ነጥብ ይቈጠራል። እንግዲህ ሲመለስ የሚከራከርበት ነገር የለም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ1997 በሊዝበን የተፈረመው ስምምነት፣ የውጭ ዲግሪ አይታወቅም የሚል መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ልዩነት መኖሩን ራሱ ያስረዳ ሲል ወሰነ። ቀድሞ ማስረጃ ፍለጋ ደጅ የሚጠናው ባለ ዲግሪው ነበር፤ አሁን የማስረዳቱ ሸክም ወደ ከልካዩ ዞረ ማለት ነው።

አፍሪካም በ1981 በአሩሻ የተፈረመ የራሷ ስምምነት ነበራት። ይኸው ተሻሽሎ በታኅሣሥ 2014 በዚሁ በአዲስ አበባ ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2019 ነው። ውሉን ባጸደቁ አገሮች መካከል የሚሻገር ባለ ዲግሪ ጉዳይ እንግዲህ በዚህ ውል ይታያል።

ይሁን እንጂ ውል የሚፈርሙት ሚኒስትሮች ሲሆኑ፣ ዶሴውን የሚገልጠው እንደ እኛ ያለ ወጣት ጸሐፊ ነው። የትምህርቱን ዝርዝር አንብቦ ለማስተያየት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ «ነገ ተመለስ» ለማለት ግን ከወንበር መነሣት እንኳ አያሻም። በዚያ መስኮት ፊት የቆመው ሰው ከተመረቀ ስንት ዓመት እንደ ሆነው የሚጠይቀው አለን?