አሮጌዋን ቬስፓ ማን ያክማት?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ የጣልያን ሞተር ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መሐል የምን ሞተር ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የሞተር ብቻ አይደለም። ድሃ ሰው ያለችውን አንዲት ዕቃ ለማን አምኖ ይስጥ የሚል ነው። ስለዚህ ስልክ፣ የሶላር ባትሪ ወይም የልብስ ስፌት መኪና የምታሠሩም ብታነቡት ትጠቀሙበታላችሁ ብለን እናምናለን።

እኛ ካኩማ አንድ የምንኖር አራት ቤተሰቦች ነን። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ወገኖቻችን እዚህ ዳቦ ሲጋግሩ፣ ሻይ ቤትና ሱቅ ሲከፍቱ ኖረዋል። እኛም ከመሐላችን አንዷ እህታችን ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነች፣ ዳቦውን እስከ ካኩማ ሦስት ድረስ የምናደርስበት ነገር ፈለግን። በየቀኑ ለቦዳቦዳ መክፈል ትርፉን በላው። የሕንዱን ቦክሰር እንዳንገዛ አቅም የለንም። በዚህ መሐል አንድ ነጋዴ ከኪታሌ በጭነት መኪና ያመጣት አሮጌ ቬስፓ ፒ ኤክስ 150 ተገኘች። በ40 ሺሕ ሽልንግ ተስማማን፤ በየቤቱ 10 ሺሕ ደረሰብን። ዳቦ ጋጋሪዋ እህታችን ድርሻዋን የከፈለችው ከዕቁብ ወጥቶላት ነው። ያ ገንዘብ የሦስት ልጆቿ የትምህርት ቤት ልብስና ጫማ ነበር።

ለምን ቬስፓ? አንደኛ ረከሰች። ሁለተኛ እግር የሚያርፍበት ወለሏ ጠፍጣፋ ስለሆነ የዳቦ ሳጥን ይቀመጥበታል። ሦስተኛውን ደግሞ አንደብቃችሁም፤ ከመሐላችን አዲስ አበባ ያደጉት ገና ሲያዩዋት ልባቸው ራደ። በልጅነታቸው የሚያውቋት ናታ!

ለማያውቃት ትንሽ እንንገራችሁ። ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ጣልያን አገር፣ ፖንቴዴራ በተባለች ከተማ ፒያጆ የተባለ ፋብሪካ ያወጣት ናት። ንድፏን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ስሟ በጣልያንኛ «ተርብ» ማለት ነው። ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ባለሦስት እግር ጭነት ማመላለሻ አወጣ። በኋላ ባጃጅ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ ከጣልያኖቹ ፈቃድ አግኝቶ ቬስፓን እዚያው ሕንድ መሥራት ያዘ፤ ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ካበቃ በኋላም ቼታክ በሚል ስም ለብዙ ዓመታት የቬስፓን ዘር ሲያመርት ቆየ። እንግዲህ አገር ቤት «ባጃጅ» ብለን የምንሳፈርባት ባለሦስት እግር የዚህች ተርብ የሥጋ ዘመድ ናት ማለት ነው።

ሁለት ወር ያህል ደህና ሠራች። ከዚያ ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ስትሞቅ ግን ነዳጁን ለቀቅ ስናደርግላት ዝም ማለት ሲገባት ራሷን በራሷ ትጮሃለች። ጉልበቷ ደከመ፤ ሞተሯ እጅ አያስነካም። አንድ ቀን በዳቦ እንደተሞላች፣ የደረቀውን ወንዝ ስትሻገር ቀጥ አለች። ጎማዋ አልዞር ብሎ ከነዳቦው አሸዋ ላይ ተንጋለልን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዳቦው በቀር የተጎዳ አልነበረም።

ወዴት እንውሰዳት? ብዙ አላሰብንም። «የአገራችን ልጅ እያለልን!» ብለን በቋንቋችን ወደምንግባባው ፉንዲ ሄድን። (ፉንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ የለንም።) ልጁ ቦክሰር ሲሠራ እጁ የተባረከ ነው። የቬስፓዋን ሞተር ፈታና «ፒስቶኑ ተበልቷል፤ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ይፈልጋል» አለን። 6,500 ሽልንግ ተስማማን። ሦስት ሳምንት ቆየች። በእነዚያ ሳምንታት ዳቦው በቦዳቦዳ ሄደ፤ ትርፍ የሚባል ነገር አላየንም። ሞተሯ ተሠርታ መጣች። በዘጠነኛው ቀን እንደገና ጮኸች።

እዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንጽፋለን። ተናደድን። «አዲስ ፒስቶን አልገባም፤ አሮጌውን ወልውሎ ነው የመለሰልን» ተባባልን። አሮጌውን ፒስቶን እንዲያሳየን መጀመሪያ ስላልጠየቅን ማረጋገጫ አልነበረንም። ሆኖም ቡና በሚጠጣበት ቦታ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሌባ» አልነው። ካምፕ ውስጥ ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኛም እርስ በርሳችን ተኮራረፍን። ዳቦ ጋጋሪዋ እህታችን «የልጆቼን ጫማ መልሱልኝ» እስከማለት ደረሰች።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብነው ቦታ ነው። ገበያ ውስጥ ትንንሽ ጄኔሬተር የሚጠግኑ አንድ ቡሩንዳዊ ሽማግሌ አሉ። ሁሉም «ምዜ» ነው የሚላቸው። ሞተር ሳይክል ሠራተኛ አይደሉም። ግን ከልጆቻችን አንዱ የቬስፓዋን ጩኸት ሲሰማ «ይሄ እኮ የምዜ ጄኔሬተሮች ድምፅ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። ቦክሰርና የመሰሉት ባለአራት ምት ሞተሮች ናቸው፤ ዘይታቸው ሆዳቸው ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። የእኛዋ ቬስፓና እነዚያ በእጅ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ ጄኔሬተሮች ደግሞ ባለሁለት ምት ናቸው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይነዳል። ሁለቱ የተለያየ ሙያ ነው።

ምዜ መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁን። «የምትጮኸው ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ጭሷ ምን ዓይነት ነው? ዘይት በምን ትለካላችሁ?» የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አፈርን። ለካስ ዘይት የምንጨምረው በዓይናችን ግምት ነበር፤ እሱንም የቦክሰር ዘይት!

ከዚያ ካንዴላውን ፈቱና አሳዩን። ጫፉ እንደ አመድ ነጥቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ሳቅን፤ እኛ «ካንዴላ» ስንል እሳቸው «ፕላጊ»፣ እኛ «ፍሪሲዮን» ስንል እሳቸው «ክላቺ»። የእኛ ጋራዥ ቃላት ከጣልያን የቀሩ ናቸው፤ የእሳቸው ደግሞ ከእንግሊዝ። በጣት እያመለከትን ተግባባን።

«ካንዴላ የሚነጣው ሞተሩ ነዳጅ አንሶት አየር ሲበዛበት ነው። ካርቡራቶሩ ንጹሕ ከሆነ፣ አየሩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው» አሉ። የማራገቢያውን ክዳን አወጡ፤ ቮላኖውን በመዶሻ ሳይመቱ በመጎተቻ አወጡት። ከኋላው አቧራና ዘይት ተቦክቶ ጭቃ ሠርቷል። «በሽታው እዚህ ነው» አሉ። የክራንኩን ጫፍ የሚከድነው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይትና አየር የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ እንደ ቀንድ ደርቆ ተሰንጥቋል። ባለሁለት ምት ሞተር የሚተነፍሰው በሆዱ በኩል ስለሆነ፣ በዚያ ስንጥቅ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ይቀጥናል፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስቶኑ ይነክሳል። በዚያ ላይ የእኛ የተሳሳተ ዘይት ተጨምሮበታል።

የቀለበቱ ዋጋ ስንት ይመስላችኋል? 300 ሽልንግ። ምዜ ፊቱ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች፣ የውስጡን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ ወረቀት ላይ ጻፉልን። «ቬስፓ ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ የለም ይሏችኋል። ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቁ» አሉ። ኪታሌ ላለ ወዳጅ ቁጥሩን ላክን፤ ገንዘቡን በኤምፔሳ ሰደድን፤ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ደረሰን። የእጅ ዋጋቸው 1,000 ሽልንግ ብቻ ነበር። አሮጌውን ቀለበት በመዳፋችን አስቀመጡልን። ዛሬም ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ምዜ ግን ሲሊንደሩንም ከፍተው አይተው ነበር። «ፒስቶኑ አዲስ ነው። ሬቲፊካውም ደህና ተሠርቷል። ማነው የሠራው?» አሉን። ዝም አልን። የአገራችን ልጅ ሌባ አልነበረም። ያልነውን ሁሉ ሠርቷል። ያልሠራው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ዓይነት ሞተር አላውቀውም» አላለንም። እኛም እንዲል ቦታ አልሰጠነውም። «አንተ እያለህልን» እያልን የወሰድነው እኛው ነን።

ሽማግሌ ይዘን ሄድን። ሌባ ባልንበት ቦታ፣ ሰው በተሰበሰበበት «በድለንሃል፣ ይቅር በለን» አልነው። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። «ያን ሰሞን ሦስት ደንበኛ ሞተሩን ከእጄ ወሰደ» አለን። ይህን የምንመልስበት ነገር የለንም። ይቅርታውን ግን ተቀበለ። አሁን ባለሁለት ምት ሲመጣበት ምዜ ዘንድ ይወስደዋል፤ አጠገባቸውም ቁጭ ብሎ ይማራል።

ከዚህ ሁሉ ያተረፍነውን ምክር እነሆ፦

1. «የማን አገር ሰው ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ዓይነት ሞተር ሠርቶ ያውቃል?» በሉ። አሮጌ ቬስፓ ካላችሁ ባለሁለት ምት የሚያውቅ ፈልጉ፤ ጄኔሬተር ወይም የዛፍ መቁረጫ ሞተር ጠጋኝ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ያሠሩትን ሁለት ሰዎች ጠይቁ።

2. ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ፉንዲ ይሻላል። ገና ሳያይ ዋጋ የሚናገረውን ተጠንቀቁት።

3. ሲፈታ አጠገቡ ሁኑ። የወጣው አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ይሰጣችሁ። ይህን ገና ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ፤ እናንተም አትጠረጥሩ፣ እሱም አይጠረጠር።

4. የዕቃና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይነገር፣ በወረቀትም ይጻፍ። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ። ለዕቃው ስጡ፤ የእጁን ግን ሞተሩ ሞቆ ከተፈተነ በኋላ ክፈሉ።

5. ዕቃው ከተበላሸ «ለምን ተበላሸ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ አዲሱም ይበላሻል። የእኛ ፒስቶን ምስክር ነው፤ ቁስሉ ታከመ፣ በሽታው ግን ውስጥ ቀረ።

6. መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን ወይም ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ለቬስፓ የድሮው የሕንድ ቼታክ አንዳንድ ዕቃ ይገጥማል፤ ሁሉም ግን አይገጥምምና ለኩ። ዛሬ ቼታክ በሚል ስም የሚሸጠው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ ነገር ነው።

7. የራሳችሁን ድርሻ ተወጡ። ለእኛ ሞተር ልኩ ከመቶ ሁለት ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ «ቱ ቲ» የሚል የተጻፈበት የባለሁለት ምት ዘይት። እኛ የምንለካው 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው፤ ለአንድ ሊትር አንድ ሲሪንጅ። ከእኛዋ የቀደሙት ቬስፓዎች የበለጠ ዘይት የሚፈልጉ ስላሉ የራሳችሁን ልክ አረጋግጡ። በዚህ በካኩማ አቧራም የአየር ማጣሪያዋን ሳታጥቡ ብዙ አትቆዩ።

8. «አላውቅም» የሚልን ፉንዲ አክብሩት። ገንዘባችሁን ያተረፈላችሁ እሱ ነው። «ይህን የሚያውቅ እገሌ ነው» ብሎ ከላካችሁም ሻይ ጋብዙት።

ቬስፓዋ ይኸው እየሠራች ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ እህታችን የልጆቿን ጫማ ገዛች። ማለዳ በመንገዳችሁ ያቺን የተርብ ድምፅ ከሰማችሁ እኛ ነንና ሰላም በሉን። እናንተም በእጃችሁ ያያችሁትን ታማኝ ባለሙያ፣ የየትኛውም አገር ሰው ይሁን፣ ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ክፉው በአንድ ቀን ካምፑን ያዳርሳል፤ መልካሙንም እኛ እንናገርለት።

በሌላ እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።