ዋናው አክተር ሲወድቅ

የዛሬው ጨዋታችን መነሻ ከዳንግላ የደረሰኝ የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። «ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ስልክ ላይ የካራቴ ፊልም ሲያይ ያመሻል። በሩን በእርግጫ ይመታል፣ ከቁም ሳጥን ላይ ወደ አልጋ ይዘላል፣ ባለፈው ደግሞ ታናሽ እህቱን በጠረባ ጥሏት ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አባቱ ስልኩን ካልሰበርኩ እያለ ነው። አንተ ምን ትመክረኛለህ?» ይላሉ።

እኔ ምን እመክራለሁ! እናቴ፣ አቤቱታዎን ይዘው የመጡት እኮ ዋናው ተከሳሽ ዘንድ ነው።

ያደግኩት እንጅባራ ነው፤ ከእርስዎ ከተማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ። እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ብርዷንና ቀርቀሃዋን ያውቃል። ቀርቀሃ ለትልልቆቹ አጥር ነው፣ ወንበር ነው፣ አልጋ ነው። ለእኛ ግን ነንቻኮ ነበር። ሁለት አጫጭር ቀርቀሃ በገመድ እናያይዝና እንደ ብሩስ ሊ እናሽከረክራለን፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ታዲያ የራሳችንን ግንባር ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ይመስለኛል፣ አንድ ብር ከፍለን ቪዲዮ ቤት እንገባለን። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠባብቀን እንቀመጣለን። ማን አክተር፣ ማን ሌባ እንደሆነ ለመለየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። «ዋናው አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ካወቅክ በቂ ነው።

ለእኛ ዘመን የሚባል ነገር አልነበረም። በአንድ ከሰዓት የ1972ቱን ብሩስ ሊን ከቻክ ኖሪስ ጋር ሮም ላይ ሲፋለም እናያለን፣ ቀጥሎ የ1985ቱ «ኮማንዶ» ይመጣል፣ ከዚያ የ1988ቱ ቫን ዳም «ብለድስፖርት» ላይ እግሩን ሰማይ ያደርሳል። (የፊልሞቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) ብሩስ ሊ ገና በ1973፣ በ32 ዓመቱ መሞቱን የነገረንን ልጅ ልንደበድበው ነበር። እንዴት ይሞታል? አሁን ፊት ለፊታችን እየተማታ!

አንድ ቀን «የሻውሊን 36ኛው ክፍል» ተከፈተ። የ1978 ፊልም ነው። ጎርደን ሊዩ ገዳም ገብቶ ውጊያ ሊማር ይመጣል። ግን አያስተምሩትም! ወደ ምግብ አዳራሹ ለመድረስ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ እንጨት ረግጦ መሻገር አለበት። ይረግጣል፣ ይወድቃል፣ ይረጥባል። ደግሞ ይረግጣል፣ ደግሞ ይወድቃል። ታዲያላችሁ ቪዲዮ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «አሳልፈው! አሳልፈው!» ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሪሞቱን ተጫነ፤ ሰውየው በአንድ ደቂቃ ከተማሪነት ወደ ጀግናነት ተሻገረ፣ እኛም አጨበጨብን።

በዚያው ክረምት የ2003ቱን «ኦንግ ባክ» አየን። ታይላንዳዊው ቶኒ ጃ ያለ ገመድ፣ ያለ ኮምፒውተር ብልሃት ከሰው ትከሻ በላይ እየዘለለ ሲሮጥ አይተን አበድን። በማግስቱ ሰፈራችን ውስጥ የተከመረ ቀርቀሃ ላይ ወጣን። እኔ ዘለልኩ፣ እግዜር አወጣኝ። ጓደኛዬ ወደ ታች አየና አመነታ። «ፈሪ!» አልኩት። ዘለለ። እጁን ዘርግቶ ወደቀ፤ የተሰበረው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወደ ሐኪም ቤት እንዳንወስደው ጉዳችን ሊወጣ ነው። እጁን በነጠላ ጠቅልለን ወጌሻ ዘንድ ሄድን። እናቱ ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣልኝ «ፈረስ ጥሎት ነው» የሚል ነበር። በአዊ ምድር ይህ ማንንም አያጠራጥርም። የአገው ፈረሰኞች ማህበር እኮ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በጥር 23ቱ በዓል እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ትናወጣለች። የጓደኛዬ አያትም ፈረሰኛ ነበሩ፤ ዳማ ፈረሳቸውን ሊያወርሱት እያሰቡ ያለማምዱት ነበር።

ሽማግሌው መጡና ያበጠውን እጅ አገላብጠው አዩ። «ይህን ልጅ ፈረስ ሲጥለው አይቼዋለሁ። ተንከባሎ ነው የሚነሳው። እጁን ዘርግቶ አይወድቅም፤ መጀመሪያ ያስተማርኩት እሱን ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቱ ግን ቆርጠው ነበር። ልጃቸው ሁለተኛ ፈረስ አጠገብ እንዳይደርስ አሉ። በዓመቱ ዳማው ተሸጠ። የጓደኛዬ የእጅ አንጓ ጠምሞ ገጠመ፣ እንደጠመመም ቀረ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ከዚያ ሁሉ ፊልም የወሰድነው እርግጫውን ብቻ ነው። እርግጫው ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነበር። ጃኪ ቻን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አስር ዓመት ያህል ሆንግ ኮንግ ውስጥ በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ሲገለባበጥና ሲወድቅ ነው ያደገው። ጄት ሊ ፊልም ከመጀመሩ በፊት የቻይና የውሹ ሻምፒዮን ነበር። ቫን ዳም፣ ያ ጡንቻ በጡንቻ የሆነው ሰውዬ፣ ከካራቴው ሌላ ለዓመታት ባሌት ተምሯል። (ይህን ያኔ ብንሰማ ፖስተሩን ከግድግዳ እንገነጥለው ነበር!) የ1999ኙ «ማትሪክስ» አክተሮች እንኳ በገመድ ተንጠልጥለው ለመማታት ወራት ሰልጥነዋል፤ አሰልጣኛቸው የነበረው ዩዋን ዉ ፒንግ የጃኪን «ድረንክን ማስተር» በ1978 የሠራ ሰው ነው። በዚያው በማትሪክስ ኪያኑ ሪቭስን ተክቶ ሲወድቅና ሲላተም የነበረው ቻድ ስታሄልስኪ ደግሞ በ2014 በ«ጆን ዊክ» ዳይሬክተር ሆኖ ብቅ አለ።

ከሁሉም ሐቀኛው ለእኔ ጃኪ ነው። ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ የተሳሳተውን፣ የወደቀውን፣ የደማውን ያሳያል። በ1986ቱ «አርመር ኦፍ ጎድ» ከግንብ ወደ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ ተሰብሮ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ በቀዶ ጥገና ነው የተረፈው። ያንንም አሳይቶናል። እኛ ግን ስም ዝርዝሩ ሲጀምር እየተጋፋን ወደ በሩ ነን።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ እናቴ። ያኔ የሚያሳልፍልን ባለቪዲዮ ቤቱ ነበር፤ ዛሬ ልጅዎ የሚያየው ቀድሞ ተቆርጦ የተላከለትን ነው። የሁለት ሰዓቱ ፊልም ሰላሳ ሰከንድ እርግጫ ሆኖ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ ልምምዱም ውድቀቱም የለበትም። ስልኩን መስበር የትም አያደርስም፤ ጎረቤት ሄዶ ያያል። ይልቅ አንድ ቅዳሜ አባቱ አጠገቡ ይቀመጥና ሙሉውን የጃኪ ፊልም እስከ ስም ዝርዝሩ ድረስ አብረው ይዩ። ከዚያ አሰልጣኝ ይፈልጉለት። ሲመዘግቡት አሰልጣኙን «መጀመሪያ ምን ያስተምራሉ?» ብለው ይጠይቁ። «እርግጫ» ካለዎት ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። ቴኳንዶ ዛሬ የመንደር ጨዋታ አይደለም፤ ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አገራችንን ወክሎ በ58 ኪሎ ተጋጥሟል። የታናሽ እህቱን ነገር ግን እንደ ጨዋታ አይለፉት። ይቅርታ ይጠይቃት፣ ቤት ውስጥ ሰው ላይ የሰነዘረ ዕለትም ከልምምድ ይቀራል፤ ደግ አሰልጣኝም ይህንኑ ነው የሚልዎት። ከወደቀና አንጓው ካበጠ ደግሞ ቀጥታ ሐኪም ቤት፣ ራጅ ይነሳ። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ጠምሞም ቢሆን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥር 23 እንጅባራ ሄጄ ጓደኛዬን አገኘሁት። ፈረሰኞቹ ሲያልፉ ከተመልካቹ ጋር ቆሞ ነበር። በጠማማው እጁ ጨበጠኝና ሳቀ። የወንድሙን ልጅ ቴኳንዶ ያስለምደው ኖሯል፤ በማግስቱ ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ይወድቃሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ይነሳሉ። የሚማታ አንድም የለም። አሰልጣኙ «አንተም ሞክር» አለኝ፤ ሞከርኩ፤ ሁለት ቀን ወገቤን ይዤ ዋልኩ። ጓደኛዬ እየሳቀ «አሳልፈው በላ!» አለኝ።

ስንለያይ ለእናቱ እውነቱን ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያንተ ውሸት ነው፤ አንተ ንገራቸው» አለኝ። እቤታቸው ሄጄ ቡና ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ ሳልናገር ወጣሁ። እናም እትዬ፣ ይህ ጋዜጣ እጅዎ ከገባ… ዳማው አልጣለውም። እኔ ነኝ ዝለል ያልኩት።