ሰርገኛ ሲመጣ በርበሬ መቀንጠስ የማይቻልበት ድግስ
የምሩቃን መሰባሰቢያና የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት በችግር ጊዜ

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው የአበሻ ልማድ በሰላም ጊዜም ቢሆን ደጋሹን ሲያስወቅስ የኖረ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበትና የብር ምንዛሪ በአንድ ጠዋት በሚለወጥበት ዘመን ግን ወቀሳ ብቻ ሳይሆን ኪሳራ ያመጣል። ከድግስ ሁሉ ደግሞ ለዚህ ኪሳራ በይበልጥ የተጋለጠው የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ተሰባስበው ለተማሩበት ተቋም ገንዘብ የሚያዋጡበት ዝግጅት ነው። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁንና አዳራሽ የሚያከራየው ሆቴል፣ ኩፖን የሚያትመው ማተሚያ ቤት፣ በግና ቅቤ የሚያቀርበው ነጋዴ፣ መኪና የሚያገናኘው ደላላ፣ «ስፖንሰር ይሁኑልን» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ባለሀብት ሁሉም የዚህ ገበያ ተካፋዮች ናቸው።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ አስቀምጦ ማየት ይበጃል። ከደሴ ወደ ምዕራብ በአቀስታ በኩል ሲጓዙ የሚገኘው የመካነ ሰላም፣ የአጅባርና የማሻ ደጋ በዐባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተቆራረጠ አገር ነው። በዚህ አካባቢ የሚገኘው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቁበት አምባ የወሰደ ሲሆን፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። «አራተኛው ትውልድ» ከሚባሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በመሆኑ ከእኩዮቹ ጋር በእርጋታ የሠራበት ዘመን አጭር ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገር ውስጥ ገባ። በዚያው ወር 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደረሰ፤ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በዚህ መካከል የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል ሁኔታ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተቋረጠ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሰው «ሁኔታው ሲስተካከል እናዘጋጃለን» ማለት ምን ያህል ዓመት እንደሚያስጠብቅ ለመገመት አይቸገርም። ስለዚህ ጥያቄው ዝግጅቱ ይደረግ ወይስ ይቅር የሚል አይደለም። ሊሰናከል እንደሚችል እየታወቀ እንዴት ይታቀድ የሚል ነው።

ማን ይሰጣል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ በመሆኑ ሚኒስትሩም፣ ሐኪሙም፣ ባለፋብሪካውም በምሩቃኑ መዝገብ ውስጥ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ እንዲሆን ሕግ ሲወጣለት፣ የራሱን ገቢ የመፈለግ ጉዳይም አብሮ መጥቷል። የመቅደላ አምባ ምሩቅ ግን አብዛኛው ገና ጎጆ ያልወጣ ወጣት ነው። ሥራ ያገኘው ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማይተርፍ፣ ያላገኘውም ብዙ ነው። ከእርሱ ትልቅ ገንዘብ መጠበቅ ከጥጃ ወተት እንደመጠበቅ ይቆጠራል።

ስለዚህ እንዲህ ባለው ተቋም ምሩቁ ዋና ለጋሽ ሳይሆን ዋና አስተባባሪ ነው። ገንዘቡ ያለው ከአካባቢው ወጥቶ በመርካቶ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በውጭ አገር ከሚነግደውና ከሚሠራው ተወላጅ ዘንድ ነው። ለዚህ አገራችን ምሳሌ አላጣችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከሊስትሮው እስከ ባለሱቁ እያዋጡ አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት ተነሥተዋል። ወሎን በሚመለከት ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ገና በይፋ ሳይነገር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥፍራው ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢ አሳዩ፤ ተማሪዎችም የቁርሳቸውን ገንዘብ ለተራቡት ሰጡ። አዳራሽም፣ ኩፖንም፣ ሙዚቃም አልነበረም። ሰጪውን ያንቀሳቀሰው ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ማየቱ ነበር።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር መሸጡ ይታወሳል። ያ ጥሪ የመጣው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። የምሩቃን ማኅበር ይህን ያህል የመጥራት ኃይል ሳይኖረው የድግሱን መልክ ብቻ ከቀዳ፣ የሚተርፈው የአዳራሹ ሒሳብ ይሆናል።

ቀብዱ የማን ነው?

ዝግጅት ሲሰናከል የመጀመሪያው ጠብ የሚነሣው በቀብድ ላይ ነው። በዚህ ረገድ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ነገር ይናገራል። በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ መሠረት ቀብድ ውል መደረጉን ያረጋግጣል። ቀብድ ሰጪው ውሉን በራሱ ፈቃድ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ማለት ነው።

«ነገር ግን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ቢያጋጥመንስ?» ይባል ይሆናል። ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ቁጥር 1793 የመንግሥትን ክልከላና የእርስ በርስ ጦርነትን በምሳሌነት ይጠቅሳል። እዚህ ላይ ነው ነጋዴው ልብ ማለት ያለበት። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙን አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም ማለት ይቻላል። መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ባለበት አካባቢ፣ ይህንኑ እያወቀ ውል የፈረመ ሰው ግን «አላሰብኩትም» ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። የታወቀ ችግር ድንገተኛ መሆኑ ያበቃል።

የዋጋ ንረትም መጠለያ አይሆንም። ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል አይቆጥረውም። በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሆቴል ዘይትና ሥጋ ተወደደብኝ ብሎ ከውሉ ሊወጣ አይችልም ማለት ነው። በመሆኑም ሁለቱም ወገኖች የሚበጃቸው በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ መንገድ ቢዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ቢታወጅ፣ መብራትና ስልክ ቢጠፋ ቀብዱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል ወይስ ይመለሳል? እስከ ስንት ወር? የምግቡ ዋጋስ እስከ መቼ ይጸናል? ይህን የሚጽፍ ሆቴል ደንበኛ አያጣም፤ የማይጽፍ ደግሞ ከደንበኛው ጋር በፍርድ ቤት ይገናኛል።

አንድ ትልቅ ወይስ ስምንት ትንንሽ?

በአኃዝ እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ሁለት መቶ ሰው በ5 ሺህ ብር ኩፖን አዲስ አበባ ሆቴል ቢጠራ 1 ሚሊዮን ብር ይገባል። ወጪው በሰው 2,500 ብር ቢሆን 500 ሺህ ይተርፋል። ከወጪው 150 ሺህ ብር ቀብድ ተከፍሏል እንበል። ዝግጅቱ የመሰናከል ዕድሉ ከሦስት አንድ ከሆነ፣ ቢሳካ የሚገኘውንና ቢቀር የሚጠፋውን ቀብድ አመዛዝነን የምንጠብቀው ትርፍ ወደ 283 ሺህ ብር ይወርዳል።

ያው ሁለት መቶ ሰው በስምንት ቦታ፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት እየሆነ፣ በአባላት ግቢና በትንንሽ ምግብ ቤት በ3 ሺህ ብር ቢሰበሰብ 600 ሺህ ይገባል። ወጪው በሰው 800 ብር ቢሆን 440 ሺህ ይተርፋል። ከስብሰባዎቹ ሲሶው ቢቀር እንኳ ቀብድ ስላልተያዘ ወደ 293 ሺህ ብር ይገኛል። በአማካይ የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ግን በመጀመሪያው መንገድ ክፉ ቀን ከመጣ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል፤ በሁለተኛው መካነ ሰላም ቢቀር ደሴ ይደረጋል፣ ደሴ ቢቀር አዲስ አበባ ይደረጋል። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ የማያስቀምጥ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እንኳ የታወቀውን ዓመታዊ የምሩቃን በዓሉን ሰርዞ በኢንተርኔት ለማድረግ ተገድዶ ነበር። ኢንተርኔት ራሱ በሚጠፋበት አገር ግን አማራጩ ተበታትኖ መሰብሰብ ነው።

ቀኑንም ማመዛዘን ያስፈልጋል። ክረምት ለደጋው መንገድ አይሆንም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የድግስ ወራት አይደሉም። ወሎ የክርስቲያኑና የእስላሙ የጋራ ቤት በመሆኑ ሁለት ማዕድ፣ ሁለት አራጅ መያዝ ግድ ነው፤ ይህም በወጪው ሰነድ ላይ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ መንገዱ ደረቅ፣ አዝመራውም የተሰበሰበ በመሆኑ፣ ጾም ካልገባባቸው ይመረጣሉ።

የተባለና የተከፈለ

በአዳራሽ ጭብጨባ መካከል የሚነገር ገንዘብና ባንክ የሚገባ ገንዘብ አንድ አይደሉም። በጨረታ ሥዕል ያሸነፈ ሰው በማግሥቱ ስልኩን ላያነሣ ይችላል። በችግር ጊዜ ይህ ይብሳል፤ ቃል የገባው ነጋዴ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ይሆናልና። በውጭ ምንዛሪም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 57 ሺህ ብር ቃል ተገብቶለት የውጭ ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ማኅበር 1,000 ዶላር ያህል ያሰበው ከ600 በታች ሆነበት። ለቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚሰበሰብ ገንዘብ ከሆነ ከውጭ ያለው ወገን ቃሉን በዶላር፣ የአገር ውስጡ በዓይነት ቢሰጥ ይሻላል።

ስለዚህ በእጅ ያለው ይቀድማል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት፣ ኔትወርክ ካለ በአጭር ቁጥር ይሠራል፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንደ ዕቁብ መሰብሰብ ከአንድ ሌሊት ጭብጨባ ይበልጣል። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ግማሹ ገቢ በድግስ የሚያልቅበት ዝግጅት ከወዲሁ ራሱን ይፈትሽ። ለባለሀብቱም፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታን ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። ይህ የሚሆነው ግን ተቀባዩ በሕግ የቆመ ሲሆንና ደረሰኝ ሲኖር ነው። ያለ ደረሰኝ የሰጠ፣ ለነፍሱ እንጂ ለሒሳብ መዝገቡ አልሰጠም።

የስፖንሰርነት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠለት ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ነውር የለበትም፦ ዝግጅቱ ባይሳካ ገንዘቤ የት ይሄዳል? ከመቶ ብር ስንቱ መካነ ሰላም ይደርሳል? የሚገዛው ዕቃ ምንድን ነው? መልሱን በወረቀት የሚያቀርብ ኮሚቴ፣ መንገድ ቢዘጋም ዓመት ቆይቶ ተመልሶ መጥቶ የሚጠይቅበት ፊት ይኖረዋል። መልስ ያጣ ኮሚቴ የሚያባክነው የራሱን ቀብድ ብቻ አይደለም። በዚያ ደጋ ላይ መጽሐፍና ማይክሮስኮፕ ለሚጠብቀው ተማሪ ወደፊት ሊሰጥ የነበረውን እጅም አብሮ ያሳጥፋል።