የጩኸቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ቅዳሜ ከሰዓት በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዲኤስቲቪ ቤቶች በር ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች በጠመኔ ተጽፈው ይቆማሉ። ከገጠር እህል ይዞ ገበያ የወጣው ወጣት ሳይቀር መግቢያውን ከፍሎ አግዳሚው ላይ ይጠጋጋል። ማንቸስተር ዩናይትድ ከተሸነፈ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚረገሙት የክለቡ ባለቤቶች፣ የግሌዘር ቤተሰቦች ናቸው። ጩኸቱ ብዙ ነው፤ ከባለቤቶቹ ኪስ ግን አንዲት ሳንቲም አያጎድልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግሌዘሮች እ.ኤ.አ. በ2005 ክለቡን ሲገዙ ለግዢው የተበደሩትን አብዛኛውን ዕዳ በራሱ በክለቡ ላይ ጫኑት። ደጋፊው ከዚያ ጀምሮ ሰልፍ ሲወጣ ኖሯል፤ የስታዲየሙ ተመልካች ግን አልጎደለም፣ የቴሌቪዥኑም ገንዘብ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰር ጂም ራትክሊፍ 27.7 በመቶ ድርሻ ሲገዙ እንኳ የቤተሰቡ የበላይነት እንዳለ ቀረ።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ያልረካ ደንበኛ ሁለት መንገድ እንዳለው ጽፏል፦ ትቶ መሄድ ወይም መናገር። ሱቁ ስኳር ካስወደደ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይኬዳል። የኳስ ደጋፊ ግን ክለብ አይቀይርም። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ንግግሩን ችላ ለማለት አይቸገርም።

ንግግር የሚሠራው ከሥልጣን፣ ከገንዘብ ወይም ከመምረጫ ድምፅ ጋር ሲጣመር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ክለቦች የአውሮፓ ሱፐር ሊግ እንመሠርታለን ሲሉ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ኋላ ያሉት ከደጋፊው ተቃውሞ ጎን መንግሥትና የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ስለቆሙ ነው። በጀርመን አብዛኛው የክለብ ድምፅ በአባላት እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደጋፊዎች የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታ ሲያቋርጡ ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ድርሻውን ለባለሀብት የመሸጥ ዕቅዱን ለመተው ተገዷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይለያል። የብዙዎቹ ክለቦች ባለቤት ባለሀብት ሳይሆን የከተማ አስተዳደር ወይም ድርጅት ነው። ባለቤቱ ሲሰለቸው ክለቡን አይሸጥም፤ ያፈርሰዋል። የጎንደሩ ዳሸን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ በኋላ ፈርሷል። ንግድ ባንክም በ2009 ዓ.ም. ሲወርድ ቡድኑን በተነ፤ ኋላ እንደገና አቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሊጉ በተመለሰበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። መዝጋቱም መክፈቱም የባለቤቱ ውሳኔ ነበር።

በከተማ አስተዳደር በሚተዳደር ክለብ የተጫዋች ደመወዝ፣ የጉዞ አበልና የአሰልጣኝ ውል የሚከፈለው በዋናነት ከሕዝብ በጀት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በመደረጋቸው ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማን የመሰሉ ክለቦች በሜዳቸው የሚያገኙት የትኬት ገቢ ተመናምኗል። ከዲኤስቲቪ ጋር የተፈረመው የአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ጥቂት ደግፏል፤ ይህ ገንዘብ ግን የሊጉ አክሲዮን ማኅበር አባላት ድርሻ እንጂ በታችኞቹ ሊጎች ለሚጫወቱ የወረዳና የዞን ከተማ ክለቦች የሚደርስ አልነበረም።

እንግዲህ ደጋፊው እንዲህ በሕዝብ በጀት በሚተዳደር ክለብ አመራር ላይ ሲያምፅ ምን ይከተላል? ቦርዱ መጀመሪያ የሚያቀርበው መሥዋዕት አሰልጣኙን ነው። ውሉ ሳያልቅ የተሰናበተ አሰልጣኝ ቀሪ ደመወዙን ይጠይቃል፤ አዲሱም ይከፈለዋል። አንድ ወንበር፣ ሁለት ደመወዝ። ተቃውሞው ወደ ስድብና ድንጋይ ውርወራ ከዞረ ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው የገንዘብ ቅጣት ይጥላል። የሚቀጣው የተሰደበው ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን ክለቡ ነው። የክለቡ ገንዘብ ደግሞ የከተማው ግብር ነው። ደጋፊው የሰደበበትን ሒሳብ ዞሮ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው።

የተሻለው መንገድ ባለድርሻ መሆን ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በአባልነት መዋጮና በማልያ ግዢ ክለባቸውን ይደግፋሉ፤ ቦርዱ ሲወቀስም ወቃሹ ከፋይ ነውና በቀላሉ አይታለፍም። በምዕራብ ጎጃምም አቅም የለም አይባልም። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት፣ በበርበሬዋም የታወቀች ከተማ ናት። ፋብሪካም ሆነ ነጋዴ ስሙን በማልያ ላይ የሚያሳትመው ግን ሒሳቡ የተመረመረና ደጋፊው የተመዘገበ ክለብ ሲያገኝ ነው። ደጋፊ በቁጥር ሲታወቅ ለስፖንሰር የሚቀርብ ገበያ ይሆናል፤ ሜዳ ዳር ሲጮህ ብቻ ግን ወጪ ነው።

ስለዚህ የፍኖተ ሰላምም የቡሬም ደጋፊ ከአሰልጣኙ ስም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የክለቡ ዓመታዊ ገቢና ወጪ በይፋ ይለጠፍ፣ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍል አባል በደረሰኝ ይመዝገብ፣ አባላቱም በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር ይኑራቸው። በጀቱ የሕዝብ ከሆነ፣ ይህን መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው።